ሸማ በቤት መስፋት፦ ስቆርጠው የሚተረተረውን ጨርቅ በምን ልያዘው?

የማታ ሰፊ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። የሰባት ዓመት ልጄ ለእንቁጣጣሽ የምትለብሰውን የሀበሻ ቀሚስ በራሴ እጅ ልሰፋላት ተነሥቻለሁ። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ ገዝቼዋለሁ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። በሁለቱም ጫፍ የስንዝር ያህል ጥለት አለው፤ ቀዩ ይበዛል፣ ጥቂት አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ክርም ገብቶበታል። ሻጯ «ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ፈትል ነው» ብላኛለች፤ የቁመቱ ክር የፋብሪካ፣ የወርዱ በእጅ የተፈተለ ማለቷ ነው። መሃሉ በጣም ስስ ነው፤ እጄን ከሥሩ ባስገባ ጣቶቼ ይቆጠራሉ።

መኪናዬ ከአክስቴ የወረስኩት ጥቁር የእግር ሲንጀር ነው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ይሰፋል፤ ዚግዛግ የለውም፣ ኦቨርሎክም (ጠርዝ የሚዘጋው መኪና) የለኝም። እስካሁን የሰፋሁት የትራስ ልብስ፣ መጋረጃና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። እነዚያ ጨርቆች የቆረጥኳቸው ቦታ ላይ ይቆማሉ። ይህኛው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሻጯ የመረቀችልኝን ብጣሽ ለሙከራ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው፣ ቡና አፍልቼ እስክመለስ ድረስ ጠርዙ ጢም አብቅሎ ጠበቀኝ። ሁለቱን ቁራጭ ሰፍቼ ግራና ቀኝ ስስባቸው ደግሞ፣ ስፌቱ ሳይበጠስ ክሮቹ ከስፌቱ እየሸሹ ክፍተት ፈጠሩ። ዋናውን ጨርቅ ገና አልነካሁትም፤ ፈርቼዋለሁ።

ሰፊ ዘንድ ውሰጂው እንዳትሉኝ። ልጄ «እናቴ የሰፋችልኝ ነው» ልትል ለጓደኞቿ አስቀድማ ተናግራለች፤ አሁን ማፈግፈግ አይቻልም። ጠርዙን ያለ ኦቨርሎክ በምን ልያዘው? ሳልቆርጥ በፊት ልጠበው ወይስ ሰፍቼ ስጨርስ? ጥለቱስ የት ቢውል ይሻላል?

ሐረግ ጥልፍ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ለክርስትናና ለሠርግ ከአገር ቤት የሚላክልንን ሸማ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እሰፋለሁ። የእኔ ዘዴ አጭር ነው። በካውያ የሚለጠፈውን ሙጫ ያለበት ስስ ጨርቅ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጌ እቆርጥና መቁረጫው መስመር ላይ ከጀርባ በኩል እለጥፈዋለሁ። ከዚያ ስቆርጠው አንድም ክር አይወጣም። ጠርዙን በኦቨርሎክ እዘጋዋለሁ። አንቺ ኦቨርሎክ ባይኖርሽም ሙጫው ብቻውን ብዙ ይረዳሻል።

መታጠቡን ግን ሳትቆርጪ በፊት አድርጊው። ያልታጠበ ጥጥ ሰፍተሽ ካጠብሽው ልብሱ አጥሮ፣ ገበሩ ከሥር ይንጠለጠላል። ቀዩ ቀለም እንዳይለቅ ጨው የገባበት ውሃ ውስጥ አሳድሪው፤ እናቴ ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርግ ነበር።

ጡረተኛው ሰፊ፣ ኮልፌ

ልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ መርካቶ የሰፋሁ ሰው ነኝ። አሁን ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ስለታከተው ቤት ተቀምጫለሁ፤ አፌ ግን ጡረታ አልወጣም። ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት መቀሱን አስቀምጪው። ፖፕሊን ሲሆን ትቆርጪና ትሰፊያለሽ። ሸማ ሲሆን ትሰፊና ትቆርጫለሽ። መቁረጫውን መስመር በሳሳ የሳሙና ስባሪ አስምሪ። ከመስመሩ በግራ 3 ሚሊ ሜትር፣ በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብለሽ ሁለት ቀጥ ያለ ስፌት አስኪጂበት። መቀሱ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ይለፍ። ጠርዙ ቢተረተር እንኳን ስፌቱ ድረስ መጥቶ ይቆማል። ለዚህ ዚግዛግ አያስፈልግሽም፤ የአክስትሽ ሲንጀር ይበቃል፣ እንዲያውም ቀጥ ያለ ስፌት በማሳመር እንደ እርሱ ያለ መኪና ዛሬም አላየሁም።

የሚተረተርበትን ምክንያት ልንገርሽ፤ ካወቅሽው የቀረውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ። የፋብሪካ ድር ጠብቆ የተከረረና ልሙጥ ነው። የእጅ ፈትል ማግ ለስላሳና ላላ ያለ ነው። ሸማኔው ደግሞ ስስ ሸማ ሲሠራ ማጉን አጥብቆ አይመታውም፤ ቢመታውማ ያ የምትወጂው ቅለት አይገኝም። ስለዚህ ክር ከክር የተያያዘው በመደጋገፍ ብቻ ነው። አንዱን ስትቆርጪ ጎረቤቱ የሚይዘው ያጣል። ስፌቱ ላይ ያየሽው ክፍተትም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የስፌቱ ትርፍ ጠባብ ሲሆን ክሩ በቀላሉ ይሸሻል። ሸማ ላይ የተቆረጠ ጠርዝ ሲሆን ትርፉ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ።

ሸማ ላይ የማይተረተር አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ዳሩ ነው። ማጉ ዞሮ የተመለሰበትን የግራና የቀኝ ዳር ማለቴ ነው። ብልህ ሰፊ ልብሱን የሚያወጣው ዳሩን ሳይነካ ነው። ስለዚህ ያንቺን ጨርቅ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ከሁለቱም ጫፍ ጥለቱን ይዘሽ 55፣ 55 ሴንቲ ሜትር ውሰጂ። እነዚህ የቀሚሱ የፊትና የኋላ ጉርድ ናቸው። ወርዱን አትቁረጪው፤ ሙሉውን 80 ይሁን። የጎን ስፌቱ በሙሉ ዳር ከዳር ስለሚገጥም የሚተረተር ነገር የለውም። 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ስፊው፣ ግራና ቀኝ በካውያ ክፈቺው፣ አለቀ። ወገቡ ላይ እየሸበሸብሽ ትሰበስቢዋለሽ፤ ስስ ሸማ ሽብሽብ ያምርበታል። ከመሃል የሚተርፍሽ 1 ሜትር ከ40 ነው። ከእርሱ ደረቱ፣ ጀርባውና እጅጌዎቹ ይወጣሉ፤ በርትተሽ ካብቃቃሽው መቀነትም አይጠፋም።

የቀሚሱን የታች ጫፍ አትንኪው። ቁመት ማሳጠር ካስፈለገሽ ከላይ ከወገቡ አሳጥሪ። ብዙ ጀማሪ ቀሚሱ ረዘመ ብሎ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ሲሰፋ አይቻለሁ፤ ሸማኔው ቀኑን ሙሉ የለፋበትን አበባ ወለል ጠራጊ ያደርጉታል። ደግሞ ልጅሽ ታድጋለች። ከወገቡ በታች፣ ሽብሽቡ ከሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈሽ በረጅም ስፌት ያዢው። ለከርሞ ስትፈቺው ቀሚሱ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምርልሻል።

ጨርቁን ስትከፋፍይ ዓይንሽን አትመኚ። 55 ላይ ምልክት አድርጊና ከዳሩ አንዲት የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አውጪ። በቀስታ ሳቢያት፤ ጨርቁ ተጨማዶ ይከተላታል። በሌላው እጅሽ ጭምዳዱን እየገፋሽ ወደ ፊት ሸኚው። ከተበጠሰች የተበጠሰችበትን ፈልገሽ እንደገና ጀምሪ። መጨረሻ ላይ ክሯ ስትወጣ በጨርቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ስስ መንገድ ታያለሽ። ያ መንገድ ከማንኛውም ማስመሪያ የበለጠ ቀጥ ያለ ነው። በግራና በቀኙ ስፊ፣ በመሃሉ ቁረጪ።

ደረቱንና ጀርባውን ስታገጣጥሚ ዳር አታገኚም፤ እዚያ ድርብ ስፌት ያስፈልግሻል። ሁለቱን ቁራጭ ጀርባ ለጀርባ ገጥመሽ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ትርፉ 11 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ስፊ። ትርፉን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ከርክሚው፤ የምትከረክሚው ግን ልትሰፊው ስትደርሺ ነው፣ ከርክመሽ አታሳድሪው። አሁን ገልብጪና ፊት ለፊት አድርገሽ በ9 ሚሊ ሜትር እንደገና ስፊ። ጥሬው ጠርዝ በስፌቱ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በውስጥም በውጭም የጸዳ ይሆናል፤ ኦቨርሎክ ከሚያወጣው ይልቅ ያምራል፣ ልጅቷንም አንገቷ ሥር አይበላትም።

አንገቱ ላይ መጠንቀቅ አለብሽ፤ ክብ ቅድ ሸማን ያሰፋዋል። ስለዚህ አንገቱን ሸማው ላይ ብቻ አትቁረጪ። ከፖፕሊን 25 በ25 የሆነ ቁራጭ አዘጋጂ፣ ክቡን በእርሱ ላይ ሳይው፣ ፊት ለፊት ሸማው ላይ አስቀምጪና መስመሩን ተከትለሽ በደቃቅ ስፌት ዙሪያውን ዙሪው። ከዚያ ነው መሃሉ የሚቆረጠው። ከስፌቱ 5 ሚሊ ሜትር ተዪ፣ ክቡ ላይ እዚህም እዚያም ስፌቱን ሳትነኪ ጭረት አድርጊበት፣ ፖፕሊኑን ወደ ውስጥ ገልብጪ። ከኋላ በኩል 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መክፈቻ በዚያው ፖፕሊን አብረሽ አውጪለት፤ በቁልፍና በክር ቀለበት ይዘጋል። ዚፕ ለስስ ሸማ ከባድ ነው፣ ጀርባውን ይጎትተዋል።

ስለ መኪናው፦ የአሮጌው ሲንጀር የስፌት ርዝመት ቁጥር በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡትን ስፌቶች ብዛት ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ሲያድግ ስፌቱ ይደቅቃል። ለመሃሉ 12 ላይ አድርጊው፣ ጥለቱ ላይ ስትደርሺ ወደ 10 መልሺው። መርፌው አዲስና ቀጭን ይሁን፤ 11 ወይም 12 ቁጥር። ከላይ በግራ በኩል ያለውን እግሩን የሚጫነውን ብሎን ትንሽ አላዪው፤ አለበለዚያ ስስ ጨርቁን እየገፋ ያጨማድደዋል። ጨርቁ ከጥርሶቹ መካከል እየገባ ካስቸገረሽ ከሥሩ የጋዜጣ ሳይሆን ነጭ ስስ ወረቀት አድርጊና አብረሽ ስፊ፣ ኋላ ቀደሽ ታወጪዋለሽ። ጋዜጣ ቀለሙን ያትምብሻል።

ከሜሪላንዷ እህቴ ጋር በሁለት ነገር አልስማማም፤ በቅንነት ነው። ሙጫ ያለው ጨርቅ ይይዛል፣ አልካድኩም። ግን የሸማው ቅለት ይጠፋል፣ ቀሚሱ ካርቶን እንደ ለበሰ ይቆማል። ሙጫው እንዲይዝም የጋለ ካውያ ይፈልጋል፣ ያ ወርቃማ ክር ደግሞ ሙቀት አይችልም። ሁለተኛው ጨው ነው። ጨው ክር ሲነከር ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲገባ ይረዳል፤ ተነክሮ ተሸምኖ ያለቀውን ክር ግን ቀለም እንዳይለቅ አያደርገውም። የማይለቅ ከሆነ ያለ ጨውም አይለቅም፣ የሚለቅ ከሆነ ከነጨው ይለቃል። ማሳደር ደግሞ የባሰ ነው፤ የለቀቀው ቀይ ሌሊቱን ሙሉ ነጩ ውስጥ ይቀመጣል።

ይልቅ ነጭ ጨርቅ ለብ ባለ ሳሙና ውሃ ነክረሽ ጥለቱ ጀርባ ላይ አጥብቀሽ ተጫኚበት። ነጩ ካልቀላ ያለ ስጋት እጠቢው። ከቀላ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ፈጠን ብለሽ፣ ውሃውን እየለወጥሽ አለቅልቂው። በረኪና ባጠገቡ አይለፍ። አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው። ጥለትሽ በሁለቱም ጫፍ ስለሆነ ገመድ ላይ በአንዱ ጫፍ ብትሰቅዪው አንደኛው ጥለት ከነጩ በላይ ይውልና ቀለሙ ይንጠባጠባል፤ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ነሐሴ ነውና ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡን አጥፈሽ ካሳደርሽው ሻጋታ ይነካዋል።

ሐረግ ጥልፍ፣ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ ስለ ድርብ ስፌቱ አመሰግናለሁ። ጨውን በተመለከተ እናቴ ከእርስዎ ጋር ብትገናኝ ክርክሩ እስከ ማታ ይዘልቅ ነበር። ሙጫውን ግን አልተውም፤ እኔ የምጠቀመው በጣም ስሱን ነው፣ የምለጥፈውም አንገትና ቁልፍ ቦታ ላይ ነው፤ ከጥለቱ አላገናኘውም።

የሸማኔ ልጅ፣ ጉለሌ

አባቴ ከጨንቻ መጥቶ እዚህ ጉለሌ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሲሸምን ነው ያደግሁት፤ እኔ ግን የተማርኩት ሌላ ነው፣ የማውቀውን ያህል ልበል።

ከመስፋትሽ በፊት ጥለቱን ገልብጠሽ እዪው። ጥለት በማጉ መካከል በተጨማሪ ክር እየተጠላለፈ የሚሠራ ስለሆነ ከጀርባው ላይ ከአበባ ወደ አበባ የሚሻገሩ ክሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ካሉ አትቁረጫቸው፤ ከቆረጥሻቸው ከፊት ያለው አበባ ይላላል። ይልቅ ልጅሽ ስትለብሰው ጣቷ ወይም የጫማዋ ዘለበት እንዳይስባቸው ከውስጥ በስስ ነጭ ጨርቅ ሸፍኛቸው።

የጎኑን ስፌት ከጥለቱ ጀምረሽ ወደ ወገቡ ስፊ። ከወገቡ ከጀመርሽ ታች ስትደርሺ የፊቱ ቀይ መስመር ከኋላው ጋር አይገጥምም። በእጅ የተሸመነ ሁለት ጥለት ርዝመቱ አንድ ዓይነት አይሆንምና ልዩነቱ ወደ ላይ ሄዶ ሽብሽቡ ውስጥ ይጥፋ። ወፍራሙን ጥለት ስትሰፊ እግርሽን ከፔዳሉ አንሥተሽ ጎማውን በእጅሽ አዙሪ።

ሻጯ የነገረችሽን ለማረጋገጥ ከፈለግሽ ከዘርፉ አንዲት ክር ወስደሽ በክብሪት አቃጥዪ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ተኮማትሮ ጠጣር ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ካውያው ይጠንቀቅለት። የሚያብረቀርቀውን ለየብቻ ሞክሪው።

የማታ ሰፊ፣ አዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እንዳሉት ነጩን ጨርቅ ተጭኜ አየሁት፤ ቀዩ ለቀቀ፣ አረንጓዴው ምንም አላለም። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ ሳሎን ወለል ላይ ፎጣ አንጥፌ ዘረጋሁት፤ ልጄ በላዩ ላይ እንዳትዘል ስጠብቅ ዋልኩ። ነጩ አልተበከለም። ሲደርቅ ብለካው ከ2 ሜትር ከ50 ወደ 2 ሜትር ከ36 ወርዷል፤ ወርዱም ወደ 77 ገብቷል። ሰፍቼ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ክሩንም አቃጠልኩት። ነጩ አመድ ሆነ፣ ቀዩም እንደዚያው፤ ወርቃማው ግን ተንጨርጭሮ ጥቁር ፍሬ ሠራ።

ማግ መምዘዙ ከሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኘኝ። ሁለቱ ጉርዶች ተቆርጠው፣ በግራና በቀኝ ተሰፍተው፣ አንድ ክር ሳይወጣባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አሁን የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ገበሩን ከምን ልሥራው? እቤት አቡጀዴ አለ፣ ሳቲን መሳይ ነገርም ገበያ ላይ አይቻለሁ። ሁለተኛው እጅጌው ነው። ከትከሻው ጋር የሚገጥመውን ክብ ቅድ ለመቁረጥ አሁንም እጄ ይፈራል።

ጡረተኛው ሰፊ፣ ኮልፌ

ሳቲኑን ተዪው፤ ሲያላባት ገላዋ ላይ ይጣበቃል፣ ሸማውም ላዩ ላይ ይንሸራተታል። አቡጀዴ ለጉርዱ ከባድ ነው፣ ቀሚሱን ቁልቁል ይጎትተዋል። ነጭ ስስ ፖፕሊን ግዢ፣ ሳትቆርጪው በሙቅ ውሃ እጠቢው፤ እርሱም ሲታጠብ ያጥራልና። ገበሩ ከሸማው ጋር የሚገናኘው አንገት፣ ትከሻና ወገብ ላይ ብቻ ይሁን፤ ታች ነፃ ይለቀቅ፣ ከጥለቱ በላይ አጥሮ ይቁም። ክብደቱን የሚሸከመው ገበሩ ከሆነ ስፌትሽ አይሸሽም።

እጅጌውን ክብ ማን ቁረጪ አለሽ? የድሮ እናቶቻችን ቀሚስ ቀጥ ያለ ነበር። ለእጅጌው ሁለት አራት ማዕዘን አውጪ፤ ቁመታቸው ከትከሻዋ አጥንት እስከ አንጓዋ ሲደመር 4 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 32 ይሁን። ደረትና ጀርባውን በትከሻው ብቻ ግጠሚያቸው፣ ጎኑን ገና አትዝጊው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ የእጅጌውን ወርድ መሃል ከትከሻው ስፌት ጋር አገናኚና ቀጥ አድርገሽ ስፊ። ክብ የለም፣ ሽብሽብ የለም።

እንዲህ ያለ እጅጌ እጇን ወደ ላይ ስታነሣ ብብቷ ላይ ይይዛታል፤ ልጅቷ ደግሞ አበባ አየሆሽ እያለች ስታጨበጭብ ነው የምትውለው። ስለዚህ 10 በ10 የሆነ የሸማ ቁራጭ አዘጋጂ፣ ዙሪያውን አስቀድመሽ ስፊ። አንዱን ማዕዘን እጅጌው ከደረቱ በሚገናኝበት ላይ፣ ተቃራኒውን እጅጌው ከጀርባው በሚገናኝበት ላይ አድርጊው። አንዱ ጫፍ ወደ እጅጌው፣ አንዱ ወደ ጎኗ ይመለከታል። መጀመሪያ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርገሽ ያዢውና አልብሰሽ እጆቿን ወደ ላይ እንድታነሣ አድርጊ። ወገቧ ላይ ያለው ጨርቅ አብሮ ወደ ላይ ከወጣ ቁራጩ አንሷል፤ 12 በ12 አድርጊው። ካልወጣ በመኪና አጽኚው፣ ከዚያ ጎኑንና የእጅጌውን ሥር ከአንጓዋ ጀምረሽ እስከ ወገቧ በአንድ ጉዞ ዝጊ።